ደጅ ጥናትና ደረጃ



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ነገር ሲያዩት ትልቅ የማይመስል፥ ቁመቱም ከአንድ ስንዝር ብዙ የማይበልጥ ነው። ይኸውም የመሥሪያ ቤታችን ደረጃ ነው። ደረጃ ስል አንዳንዶቻችሁ፥ ይልቁንም እንደ እኔ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ፥ የደመወዝ ደረጃ ወይም የሹመት ደረጃ መስሏችሁ ጆሯችሁን አቅንታችሁ እንደ ሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ የምለው ጧት ወደ ቢሮ ስንገባ በእግራችን የምንረግጠውን፥ ከድንጋይ ወይም ከሲሚንቶ የተሠራውን ደረጃ ነው። ሆኖም እስከ መጨረሻው ብትከታተሉልኝ፥ ሁለቱ ደረጃዎች ፈጽመው የማይገናኙ አለመሆናቸውን ትረዱልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሬን ከራስ መኮንን ድልድይ ልጀምር። አራዳን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ድልድይ ያውቀዋል። ከፒያሳ ቁልቁል የወረደው መንገድ ወንዙን ተሻግሮ ወደ አራት ኪሎ በኩል ሽቅብ የሚያቀናው በእርሱ ላይ አልፎ ነው። ስሙንም ያገኘው ሐረርን ከገዙት፥ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ዘመቻ ጦር ከመሩት፥ በ1898 ዓ.ም. ካረፉት ከልዑል ራስ መኮንን ነው። አዲስ አበባ ስትቈረቈር መኳንንቱ ሰፈራቸውን በየኮረብታው ላይ ስለ ሠሩ፥ በመካከል የሚወርዱት ወንዞች ክረምት በገባ ቍጥር እየሞሉ ሰፈርን ከሰፈር ይቈርጡ ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ወዳጅ ወዳጁን ለመጠየቅ፥ ነጋዴ ገበያ ለመድረስ፥ ባለጉዳይም ዳኛ ፊት ለመቅረብ የወንዙን መጉደል መጠበቅ ግድ ይሆንበት ነበር። ድልድይ ሲሠራ ግን ወንዙ እንደ ወትሮው እየሞላ፥ ሰውም እንደ ልቡ ይሻገር ጀመር።

እስቲ አስቡት፤ በዚያን ጊዜ አንድ ሰው ተነሥቶ፥ «እኔ በዚህ ወንዝ ላይ በክረምት የሚሻገር ሰው አይቼ አላውቅም፤ ተሻጋሪ ከሌለ ድልድይ ለምን ያስፈልጋል?» ቢል ኖሮ ምን እንለው ነበር? «አንተ ሰው፥ ተሻጋሪ የጠፋውኮ ድልድይ ስለ ሌለ ነው» እንለው ነበር። ይህን መልስ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ባለፈው ዓመት በአንድ ማክሰኞ ጧት በዚሁ ድልድይ ላይ ከአንድ አረጋዊ ጋራ ተሻግሬ ነበር። ሰውዬው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተማሩኝ የዱሮ መምህሬ ናቸው። በስኳር በሽታ ምክንያት አንድ እግራቸው ከተቈረጠ ወዲህ የሚሄዱት ሕዝቡ ዊልቸር በሚለው ባለመንኰራኵር ወንበር ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት የሚወስዱት ማስረጃ ስለ ነበረ፥ አብሬያቸው እንድሄድ ለመኑኝ። እኔም ደስ እያለኝ ወንበሩን ከኋላ እየገፋሁ መንገድ ጀመርን።

መንገዱን በተመለከተ እውነቱን መናገር ይገባል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል ያለው አካባቢ መልኩ ተለውጧል። ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ብዙ ነባር ነዋሪዎችም ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። የእግረኛው መንገድ ግን ሰፍቷል። መምህሬም በሰፊው መንገድ ላይ ወንበራቸው ያለ ችግር ሲንከባለል ባዩ ጊዜ እንደ ልጅ ደስ አላቸው። ድልድዩ ላይ ስንደርስ አንድ ጊዜ አስቁመውኝ ወንዙን ቁልቁል ተመለከቱና፥ «ልጄ፥ ድልድይ ማለት የሒሳብ ደግነት ነው» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ወደ መሥሪያ ቤቱ ደረስን። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራውም የሚጠቅም አይደለም፤ ምክንያቱም እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን መሥሪያ ቤት በዐይነ ኅሊናችሁ ብትመለከቱ ይበቃል። አጥሩን አልፈን ግቢውን አቋረጥንና ከዋናው በር ፊት ስንደርስ ደረጃ ጠበቀን። ሰባት ደረጃ። ከሰባቱ በላይ ደግሞ ጉዳያችን ያለበት ቢሮ በሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ወረቀቱም ከብዛት የተነሣ ወይቧል።

ዘበኞቹ ጨዋዎች ነበሩ። ወዲያው ተሰብስበው፥ «ጋሼ፥ ምንም አያስቡ፤ አራት ሆነን እናወጣዎታለን» አሏቸው። መምህሬም ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ካመሰገኑ በኋላ፥ «ልጆቼ፥ እግዜር ይስጣችሁ። ነገር ግን ሰው በአራት ሰው ትከሻ ላይ የሚሄድበት ቀን አንድ ነው፤ እኔ ለዚያ ቀን ገና ነኝ» አሉ። ዘበኞቹ ሳቁ። መምህሬ ግን አልሳቁም።

ስለዚህ ብቻዬን ወጣሁ። ተራ ጠብቄ የምትሠራውን ወጣት ሴት ባነጋገርኋት ጊዜ፥ «ባለጉዳዩ በአካል ቀርበው መፈረም አለባቸው፤ በወኪል አይሆንም፤ መመሪያው ነው» አለችኝ። ክቡራን ሆይ፥ ነገሩን ልብ በሉት። መመሪያው «በአካል ቅረብ» ይላል፤ ደረጃው «በአካል አትቀርብም» ይላል። ሁለቱም የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ናቸው። በመመሪያውና በደረጃው መካከል የተያዘው ሰው ግን ታች ፀሐይ ላይ ተቀምጧል።

ሁኔታውን ባስረዳኋት ጊዜ ልጂቱ ደንገጥ አለች። ከዚያም አለቃዋን አስፈቅዳ መዝገቡን በብብቷ ይዛ ከሦስተኛው ፎቅ ወረደች። መምህሬም ከደረጃው ግርጌ መዝገቡን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፈረሙ። ነገሩ ሁሉ ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። «ተባረኪ፥ ልጄ» ብለው መረቋት። ስንመለስ ግን ረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉኝ፤ «ይህች ልጅ ደግ ናት። ነገር ግን ጉዳዬ የተፈጸመልኝ በእርሷ ደግነት ነው ወይስ በእኔ መብት? ነገ እርሷ ፈቃድ ብትወጣ፥ ወይም አንተን የመሰለ ተናጋሪ ባይኖረኝ፥ ምን ልሆን ነው?» መልስ አልነበረኝም።

በአገራችን ደጅ ጥናት የሚባል የቆየ ነገር እንደ ነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ባለጉዳይ ከመኳንንት ደጅ ጧትና ማታ እየተመላለሰ፥ እጅ እየነሣ፥ ጌታው እስኪያዩት ድረስ ወራት አንዳንዴም ዓመታት ይቈይ ነበር። ሥልጣኔና ዘመናዊ አስተዳደር ሲመጣ ይህ ቀርቷል ብለን እንኮራለን። በወረቀት ላይ ቀርቷል። ነገር ግን ከደረጃው ግርጌ ተቀምጦ፥ አንድ የሚያውቀው ሰው ብቅ እስኪል፥ አንድ ደግ ልብ ያለው ሠራተኛ እስኪወርድለት የሚጠብቅ ሰው ካለ፥ እርሱ ደጅ እየጠና አይደለምን? የዱሮው ደጅ ጠኚ ቢያንስ የሚጠብቀው ሰውን ነበር፤ ሰውም ልቡ ሊራራ ይችላል። የዛሬው የሚጠብቀው ሲሚንቶ ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ራሴ መሥሪያ ቤት ስመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕንፃውን በር እንደ እንግዳ ሰው ቆሜ ተመለከትሁት። በዚያ በር ለብዙ ዓመት ገብቼ ወጥቻለሁ። ከዋናው ደረጃ በስተ ጐን ዘንበል ያለ የወንበር መወጣጫ እንዳለ አየሁ፤ መሐንዲሶች ራምፕ የሚሉት ነው። ደስ ሊለኝ ሲል መግቢያው በሰንሰለት ተቈልፎ፥ ውስጡም የአበባ ማሰሮ ተደርድሮበት አገኘሁ። ዘበኛውን «ለምን?» ብለው፥ «ሞተር ብስክሌት እንዳይወጣበት ነው» አለኝ። ቍልፉ የማን እንደ ሆነ ግን አያውቅም። በምድር ቤቱ የዊልቸር ሥዕል የተለጠፈበት መጸዳጃ ቤት አለ፤ ስከፍተው መወልወያ፥ ባልዲና የተሰበረ ወንበር ሞልቶበታል። ከአንድ ባልደረባዬ ሜትር ተውሼ መወጣጫውን ለካሁት። ከፍታው 80 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፥ ርዝመቱ 4 ሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት ለመውጣት ጸሎት፥ ለመውረድ ደግሞ ድፍረት የሚጠይቅ ነው።

እኔ ስለ ሥልጣኔ በሬዲዮ የምናገር ሰው በዚህ ሁሉ አጠገብ በየቀኑ አልፌ አላየሁትም ነበር። ይህን የምነግራችሁ ራሴን ትሑት አድርጌ ለማሳየት አይደለም። ደረጃ ለሚወጣው ሰው የማይታይ ነገር መሆኑን እንድታውቁልኝ ነው። የሚታየው ላልወጣው ሰው ብቻ ነው።

ታዲያ ሕግ የለምን? አለ። ድኩማንን የሚያቋቁም ድርጅት በትእዛዝ ቁጥር 70 የተመሠረተው ገና በ1963 ዓ.ም. ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በ41ኛው አንቀጽ፥ መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን የአካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት እንዲተጋ ያዛል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከት ነው፤ አሠሪውም የሥራ ቦታውን እንዲያመቻችላቸው ግዴታ ጥሎበታል። እንግዲህ አካል ጉዳተኛው ባለጉዳይ ሆኖ ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ በአጠገባችሁ ባለው ጠረጴዛ የሚቀመጥ ባልደረባችሁም ነው።

በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ወጣ። በ36ኛው አንቀጹም፥ የሕዝብ መገልገያ የሆነ ሕንፃ ሁሉ በባለመንኰራኵር ወንበር ለሚሄዱና፥ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚስማማ መግቢያ እንዲኖረው፥ መጸዳጃ ቤት በሚያስፈልግበት ሕንፃም ለእነዚሁ ሰዎች የሚሆን በቂ መጸዳጃ እንዲዘጋጅ ደነገገ። ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 243 በ2003 ዓ.ም. ተከተለ። በዓለም መድረክም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በታኅሣሥ ወር 1999 ዓ.ም. ያጸደቀውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላዋለች። የዚህ ስምምነት 9ኛ አንቀጽ ስለ ተደራሽነት ሲናገር፥ መንግሥታት መሰናክሎችን እንዲለዩና እንዲያስወግዱ ያዛል። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ፤ መጀመሪያ መለየት፥ ቀጥሎ ማስወገድ። ያልተመረመረ መሰናክል አይወገድምና።

የሕግ ቁጥር ከዘመን ዘመን ሊለወጥ ይችላል፤ የነገሩ ቁም ነገር ግን ያው ነው። ሆኖም ሕጉ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ሰፍሮ፥ የመወጣጫው ቍልፍ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ከጠፋ፥ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ማለት ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ ምርመራው እንዴት ይደረጋል የሚለውን ላስረዳ። መምህሬ የድልድዩን ነገር የገለጡልኝ በዚህ ላይ ነው። በማግሥቱ ቤታቸው ሄጄ ስለ ሰባቱ ደረጃዎች ብንነጋገር፥ እርሳስ አንሥተው ከአንድ ፖስታ ጀርባ ላይ አሰሉልኝ። መወጣጫ ሲሠራ በብዙ አገር የሚታወቀው ልክ 1 ለ12 ነው። ይህም ማለት 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ለማለት 12 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት መሄድ ያስፈልጋል። አንዱ ደረጃ 16 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፥ ሰባቱ 112 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ይህ በ12 ሲባዛ መወጣጫው 13 ሜትር ከ44 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። በአንድ ጊዜ ይህን ያህል መግፋት ክንድ ስለሚያዝል፥ 9 ሜትር ያህል ከመሄዱ በፊት በመካከሉ ሜዳ የሆነ ማረፊያ ይደረግለታል። ሲያጥፉትም በግቢው ውስጥ በደንብ ይበቃል። «አየህ፥ የሒሳብ ደግነት ያልሁህ ይህ ነው። የዚያች ልጅ ደግነት እርሷ ባለችበት ቀን ብቻ ይሠራል፤ የተሰላ ደግነት ግን ሁልጊዜ ይሠራል፤ እሑድም ቢሆን» አሉኝ። በዚህ ልክ የእኔ መሥሪያ ቤት መወጣጫ 9 ሜትር ከ60 መሆን ሲገባው 4 ሜትር ነው ማለት ነው። የሠራው ሰው ሕጉን ሰምቷል፤ ሒሳቡን ግን አልሠራም።

መርማሪው ምርመራውን ከጠረጴዛው ሳይሆን ከታክሲው ማቆሚያ መጀመር አለበት። ከመንገድ እስከ አጥሩ በር ድረስ ክዳን የሌለው ጉድጓድ፥ ከፍ ያለ ጠርዝ፥ በመንገድ መካከል የተተከለ ምሰሶ አለን? በሩስ ምን ያህል ይሰፋል? ወንበሩ ከሰው እጅ ጋራ እንዲያልፍ በሩ ሲከፈት ከ80 ሴንቲ ሜትር ማነስ አይገባውም። በኮሪደሩና በመጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ወንበሩ ዞሮ እንዲመለስ በሁሉም አቅጣጫ 1 ሜትር ከ50 ያህል ባዶ ቦታ ያሻል። ባለጉዳይ የሚስተናገድበት መስኮት ከፍታው ከአንድ ሰው ደረት የሚደርስ ከሆነ፥ ተቀምጦ የመጣው ሰው የሠራተኛውን ድምፅ እንጂ ፊቱን አያይም፤ ስለዚህ ቢያንስ አንዱ መስኮት ከ90 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ መልካም ነው።

ነገሩን በዊልቸር ብቻ እንዳንወስነው ደግሞ እንጠንቀቅ። ዐይነ ስውሩ ደረጃውን በደንብ ይወጣል፤ የሚያሰናክለው ኮሪደሩ መካከል የተከመረው የመዝገብ ሣጥንና ምልክት የሌለበት የመስተዋት በር ነው። ጆሮው የማይሰማ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ፥ አስተናጋጁ ሦስት ጊዜ ስሙን ጠርቶ «የለም» ብሎ ያልፈዋል፤ ሰውዬው ግን እዚያው ፊት ለፊቱ አለ። ለዚህ መድኃኒቱ ተራ ቁጥሩን በሰሌዳ መጻፍ ነው፤ ጠመኔ ብቻ ይበቃል። የምልክት ቋንቋ የሚችል አንድ ሠራተኛ ቢኖርማ እንዴት መልካም ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ምርመራው ያለ ባለቤቱ አይሆንም። እኛ በእግራችን የምንሄድ ሰዎች አንድ መጠነኛ ጕብታ ስናይ «ይህ ምንም አይደለም» እንላለን፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ግን ምን እንደ ሆነ ያውቃል። በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመታቸው የዐይናቸውን ብርሃን ያጡ፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የተማሩ ኢትዮጵያዊት ናቸው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ባሉበት አገር፥ ስለ አካል ጉዳተኞች ያለ አካል ጉዳተኞች ማውራት አያምርም። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት አሉ፤ መጥታችሁ ሕንፃችንን እዩልን ብሎ አንድ ደብዳቤ መጻፍ ለማንኛውም መሥሪያ ቤት አይከብድም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ፤ በየመሥሪያ ቤቱ የምሰማቸው ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው «በጀት የለም» የሚለው ነው። አሳንሰር ማስገባት ገንዘብ ይጠይቃል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሰንሰለት መፍታት ስንት ብር ያወጣል? መወልወያና ባልዲ ወደ ሌላ ክፍል ማዛወርስ? ብዙ ባለጉዳይ የሚመጣበትን ክፍል ከሦስተኛው ፎቅ ወደ ምድር ቤት ማውረድ፥ ጠረጴዛ ከመሸከም በቀር ምን ወጪ አለው? አዲስ ሕንፃ ሲሠራም መወጣጫውን ከመሠረቱ ማሰብ፥ ኋላ አፍርሶ ከመሥራት እጅግ ይረክሳል።

ሁለተኛው «ሕንፃው የቆየ ነው፤ ቅርስ ነው» የሚለው ነው። አራዳ የገደልና የዳገት አገር ስለ ሆነ፥ ብዙዎቹ ነባር ቤቶቹ በከፍተኛ መሠረትና በደረጃ ላይ ቆመዋል። በዓለም ሁሉ ዱሮ ታላቅ ሕንፃ ሲሠራ ብዙ ደረጃ ማብዛት የክብር ምልክት ነበር። በአሜሪካ እንኳ ሕንፃን ለአካል ጉዳተኞች ስለ ማመቻቸት የመጀመሪያው የልክ መመሪያ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1961 ነው። የቀደሙትን መሐንዲሶች አንወቅስም። ነገር ግን ዛሬ የቅርሱን ድንጋይ ሳይነኩ በጐን በር መግቢያ ማበጀት፥ ወይም የሚነሣ የእንጨትና የብረት መወጣጫ ማኖር ይቻላል። ቅርስ ማለት የአባቶች ሀብት ማለት ከሆነ፥ ሽማግሌ አባት የማይገባበት ቅርስ ስሙ ያስቸግራል።

ሦስተኛው፥ ከሁሉም የሚከፋው፥ «ስንት አካል ጉዳተኛ ይመጣል ብላችሁ ነው? እኛ ጋ በዓመት አንድ ሁለት ቢመጣ ነው» የሚለው ነው። ክቡራን ሆይ፥ ቀደም ሲል በልባችሁ ያዙልኝ ያልሁት መልስ ይህ ነው። ተሻጋሪ የጠፋው ድልድይ ስለ ሌለ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ግምት በምድር ላይ 1 ነጥብ 3 ቢሊዮን ያህል፥ ማለት ከስድስት ሰዎች አንዱ፥ ከባድ የሆነ የአካል ጉዳት ያለበት ነው። እነዚህ ሰዎች በቢሯችን ካልታዩ፥ የሉም ማለት ሳይሆን ታች ቀርተዋል ማለት ነው።

በሌላ አገር የሆነውንም ባጭሩ ልንገራችሁ። በአሜሪካ ዋና ከተማ በመጋቢት ወር 1982 ዓ.ም. በርካታ አካል ጉዳተኞች የምክር ቤቱ ሕንፃ ደረጃ ሥር ሲደርሱ ወንበራቸውንና ምርኩዛቸውን ጥለው፥ ያን ረጅም ደረጃ በደረታቸውና በክንዳቸው እየተሳቡ ወጡ። ያ ትዕይንት የብዙ ሰው ኅሊና ነካ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር መብታቸውን የሚያስከብረው ሕግ ተፈረመ። በጃፓን አገር ደግሞ ሴይቺ ሚያኬ የሚባል ሰው ዐይነ ስውራን በእግራቸው ዳስሰው የሚያውቁት ጕብጕብ ያለ ንጣፍ ፈልስፎ፥ በ1959 ዓ.ም. ኦካያማ በምትባል ከተማ በዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት አጠገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጠፈ። ዛሬ ያ ንጣፍ ከጃፓን አልፎ በብዙ የዓለም ከተሞች ይገኛል። አንዱ አገር ሰዎች በደረታቸው እስኪሳቡ ድረስ ጠበቀ፤ በሌላው አገር አንድ ሰው አስቀድሞ አሰበ። እኛ ከሁለቱ የትኛውን መንገድ እንመርጣለን?

በመጨረሻም «ነግ በኔ» የሚለውን የአባቶች ቃል ላስታውሳችሁ። መምህሬ በሰሌዳው ፊት ቆመው ሲያስተምሩን በሁለት እግራቸው የቆሙ ብርቱ ሰው ነበሩ። ዛሬ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልን የምንወጣ ሁሉ ወይ በሽታ፥ ወይ የመኪና አደጋ፥ ያ ሁሉ ቢቀር ደግሞ እርጅና ይጠብቀናል። የሹመት ደረጃችን ከፍ ባለ መጠን የድንጋዩን ደረጃ የምንወጣበት ጉልበት እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለቱ ደረጃዎች ይገናኛሉ ያልኋችሁ በዚህ ነው። መወጣጫውንም የሚጠቀምበት አካል ጉዳተኛ ብቻ አይደለም፤ ነፍሰ ጡሯ፥ ሕፃን አቅፋ የመጣችው እናት፥ ምርኩዝ የያዙት ሽማግሌ፥ ሸክም የያዘውም ወዛደር በእርሱ ይወጣሉ።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የበጀቱ ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ከመጀመሩ በፊት አንድ ጧት ምረጡ። አንድ ሜትር፥ አንድ ወረቀትና እርሳስ ያዙ። አካል ጉዳተኛ የሆነ ባልደረባ ወይም ጎረቤት ጋብዙ። ከመንገዱ ጀምራችሁ እስከ ራሳችሁ ጠረጴዛ ድረስ አብራችሁ ሂዱ። የተከለከላችሁበትን ቦታ ሁሉ በቁጥር ጻፉ፤ ያለ ወጪ የሚስተካከለውን በዚያው ሳምንት አስተካክሉ፤ ወጪ የሚጠይቀውን ለጠቅላላ አገልግሎት ክፍል በጽሑፍ አቅርቡ። ከዚያም ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ እንዳይተኛ ተከታተሉት።

እኔ በመሥሪያ ቤቴ ይህን አድርጌያለሁ። ሰንሰለቱ በአንድ ቀን ተፈታ፤ መጸዳጃ ቤቱም በሳምንቱ ተጠርጎ ተከፈተ። መወጣጫውን እንደ ገና ስለ ማሠራት የጻፍሁት ማመልከቻ ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። እንግዲህ እኔም በተራዬ ደጅ እየጠናሁ ነው ማለት ነው። ሆኖም በሁለት እግሬ ደረጃውን እየወጣሁ የምጠብቀው እኔ ነኝና፥ የእኔ ደጅ ጥናት ቀላሉ ነው። ከግርጌው የተቀመጡትን አስቡልኝ።